ከአንዲት ረቂቅ ተሐዋሲ የሚበቅል ዘር፤ ስለ ሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ስለ ትዕግሥት

ከቤተ ሰብ መካከል አንዱ ሳል ይዞት ሁለት ሳምንት ያለፈው እንደ ሆነ፥ ሌሊት ሌሊት የሚያልበው፥ እህል የሚያስጠላው፥ ሰውነቱም ከቀን ወደ ቀን የሚከሳ እንደ ሆነ፥ አስተዋይ የሆነ የቤት ጌታ ወይም እመቤት ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይልከዋል። ሐኪሙም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው አክታውን ነው። አክታው በንጹሕ ዕቃ ተጨምሮ ወደ ምርመራ ቤት ከተላከ በኋላ፥ አንዳንድ ጊዜ ለበሽተኛው ዘመዶች ዘሩ በቅሎ እስኪታይ ድረስ ስድስት ሳምንት፥ ምናልባትም ስምንት ሳምንት እንዲጠብቁ ይነገራቸዋል። ይህን የሰማ ሰው ይገረማል፤ አንዳንዱም ይቈጣል። ደም ተቀድቶ በዚያው ቀን መልስ በሚሰጥበት ዘመን፥ የአንድ ሰው አክታ ሁለት ወር የሚያስጠብቅበት ምክንያት ምን ይሆን? ይላል።

ነገር ግን ይህ መዘግየት ከሐኪሙ ስንፍና ወይም ከመዝገብ ቤቱ ቸልተኝነት የመጣ አይደለም። የመጣው ከራሷ ከበሽታይቱ ተሐዋሲ ጠባይ ነው። እኛም ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ የዚህችን ተሐዋሲ ጠባይ፥ ሊቃውንትም እርሷን ከአንዲት ነፍስ አንሥተው ለማብቀል የደከሙትን ድካም ለተከበሩት አንባቢዎቻችን እንገልጻለን። ምክንያቱን የተረዳ ሰው መጠበቅ አይከብደውም፤ መድኃኒቱንም ሳይጨርስ አይተውም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የአንዲት ነፍስ መብዛት

ባክቴሪያ የሚባሉት ረቂቃን ተሐዋስያን እያንዳንዳቸው በአንዲት ሕዋስ ብቻ የቆሙ ናቸው። ወንድና ሴት ሳይሉ፥ እንቍላልም ሳይጥሉ፥ አንዲቱ ተከፍላ ሁለት፥ ሁለቱ ተከፍለው አራት፥ አራቱም ስምንት እየሆኑ ይበዛሉ። ዛሬ ብዙ ሰው ቲቢ እያለ የሚጠራውን የሳንባ ነቀርሳን የምታመጣው ተሐዋሲ መልኳ ቀጭን በትር ይመስላል። ርዝመቷም አንድ ሚሊሜትር በሺህ ቢከፈል ከዚያ ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ክፍል ያህል ነው። ስለዚህ አንዲቱን ብቻዋን ያለ ማይክሮስኮፕ ለማየት የሚችል ዓይን የለም። አንድ ሚሊዮን ያህል ሆነው በአንድ ስፍራ ሲከማቹ ግን የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ሰው በዓይኑ ሊያያቸው ይጀምራል። ይህችን ነጥብ ሊቃውንቱ ኮሎኒ ይሏታል፤ በእኛ ቋንቋ መንደር ብንላት ይስማማታል። የዚህ መንደር ነዋሪዎች ሁሉ የአንዲት እናት ልጆች ናቸውና።

እንግዲህ ሒሳቡን እንመልከት። አንዲት ተሐዋሲ 20 ጊዜ እጥፍ እጥፍ ስትሆን ቍጥሯ 1,048,576 ይደርሳል። በሰው አንጀት ውስጥ የምትኖረው ኤሸሪሺያ ኮላይ የምትባለው ባክቴሪያ፥ ምግብና ሙቀት የተመቻት እንደ ሆነ፥ በየ20 ደቂቃው ትከፈላለች። ስለዚህ 20 ጊዜ እጥፍ ለመሆን የሚበቃት 400 ደቂቃ፥ ማለት ስድስት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ማታ የተዘራችው ጧት መንደር ሆና ትገኛለች። ማታ ደኅና የነበረ ወተት ጧት ረግቶ የሚገኘው እንደዚህ ፈጥነው በሚበዙ ተሐዋስያን ምክንያት ነው። የነቀርሳ ተሐዋሲ ግን አንድ ጊዜ ለመከፈል 20 ሰዓት ያህል ትፈልጋለች። እርሷ 20 ጊዜ እጥፍ እስክትሆን ድረስ 400 ሰዓት፥ ማለት 16 ቀን ከ16 ሰዓት ያልፋል። ይህም ከተዘራችበት ደቂቃ ጀምሮ ሳታቋርጥ የተከፈለች እንደ ሆነ ነው። ከሰው ሳንባ ወጥታ፥ በኀይለኛ መድኃኒት ታጥባ፥ በባዕድ ስፍራ የተዘራች ተሐዋሲ ግን አገሩን እስክትለምድ ድረስ ብዙ ቀን ዝም ብላ ትቀመጣለች። ምርመራው ሦስት ሳምንት፥ ስድስት ሳምንት፥ ከዚያም በላይ የሚፈጀው ስለዚህ ነው።

ዘገምተኛ የሆነችበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ልብሷ ነው። ገላዋ ሰም በሚመስል ወፍራም ቅባት የተሸፈነ ስለ ሆነ፥ ምግብ ወደ ውስጧ የሚገባው በዝግታ ነው፤ ያንንም ልብስ ሠርታ ለመጨረስ ብዙ ድካም ያስፈልጋታል። ይሁን እንጂ ይኸው ልብስ ጋሻዋም ነው። ሌሎችን ተሐዋስያን ፈጥኖ የሚገድል መድኃኒት በእርሷ ላይ ሲደርስ ይደክማል። እንግዲህ ዝግታዋ ድካም መስሎ ይታያል እንጂ፥ የጥንካሬዋ ዋጋ ነው።

የሮበርት ኮክ ትዕግሥት

ይህን የተሐዋሲቱን ጠባይ በመጀመሪያ በትዕግሥት ያሸነፉት ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ናቸው። ኮክ በ1843 ተወልደው፥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የወረዳ ሐኪም ሆነው ሲያገለግሉ ሳሉ በመኖሪያ ቤታቸው ውስጥ በማይክሮስኮፕ ይመረምሩ ነበር፤ በ1880 ግን ወደ በርሊን ተጠርተው በመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት ተመደቡ። በዚያ ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ከአባት ወደ ልጅ በዘር የሚወርድ ደዌ ነው የሚሉ ብዙ ሐኪሞች ነበሩ። በአንድ ቤት አባት፥ ቀጥሎም ልጅ፥ ቀጥሎም የልጅ ልጅ ሲሞት እያዩ የሚመጣበትን ስላላወቁ ነው።

ኮክ በነቀርሳ ከታመመ ሥጋ ላይ ጥቂት ወሰዱ። ከከብትና ከበግ ደም የተለየውን ሴረም የሚባለውን ፈሳሽ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ በሙቀት አርግተው በእርሱ ላይ ዘሩት፤ ቱቦውንም የሰው ገላ ሙቀት ባለበት፥ 37 ዲግሪ ያህል በሆነ ሣጥን ውስጥ አኖሩት። አንድ ቀን አለፈ፥ ሁለት ቀን አለፈ፥ ሳምንትም ሞላ፤ ምንም ነገር አልታየም። እስከዚያ ድረስ የታወቁት ተሐዋስያን በአንድና በሁለት ቀን የሚታዩ ስለ ነበሩ፥ ሌላ ሰው ቢሆን የዘራሁት ዘር ሞቷል ብሎ ቱቦውን በጣለው ነበር። ኮክ ግን ጠበቁ። በሁለተኛው ሳምንት ደረቅ ቅርፊት የሚመስሉ ጥቃቅን ነጥቦች በሴረሙ ላይ ብቅ አሉ።

ከዚያ በኋላ ዘሩን ከአንዱ ቱቦ ወደ ሌላው ቱቦ እያዛወሩ ለብዙ ወራት ካበቀሉት በኋላ፥ ጊኒ ፒግ የሚባሉትን ትንንሽ እንስሳት ቢወጓቸው እንስሳቱ በነቀርሳ ታመሙ። ማርች 24 ቀን 1882 በበርሊን በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ቆመው የነቀርሳ ምክንያት ይህች ተሐዋሲ መሆኗን አስታወቁ። በዚያው ንግግራቸው ከሰው ልጅ ሁሉ ከሰባቱ አንዱ የሚሞተው በዚህ በሽታ መሆኑን ገልጸዋል። ስለዚህም ሥራቸው በ1905 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ፤ ማርች 24 ቀንም እስከ ዛሬ የዓለም የነቀርሳ ቀን ሆኖ ይታሰባል።

አንዲት እመቤት ከወጥ ቤት ያመጡት ጥበብ

ኮክና ባልንጀሮቻቸው እጅግ የደከሙበት ሌላው ነገር ዘርን ከዘር መለየት ነበር። ብዙ ዓይነት ተሐዋስያን በአንድ ሾርባ ውስጥ የተዘሩ እንደ ሆነ፥ እንደ ተደባለቀ እህል ይሆናሉ፤ በሽታውን ያመጣችው የትኛይቱ እንደ ሆነች ለማወቅ አይቻልም። በረጋ ነገር ላይ የተዘሩ እንደ ሆነ ግን፥ እያንዳንዷ በወደቀችበት ስፍራ ትቀራለች፤ እዚያው ትበዛለች፤ ከጎረቤቷ ሳትደባለቅ የራሷን መንደር ትቈረቍራለች። ከዚያ መንደር በመርፌ ጫፍ ጥቂት የወሰደ ሰው የአንዲት ተሐዋሲን ልጆች ብቻ ለይቶ ወሰደ ማለት ነው። ኮክ ይህን በመጀመሪያ በተቀቀለ ድንች ላይ ሞከሩት፤ ቀጥሎም ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ በሚወጣው በጄላቲን ሞከሩት። ጄላቲን ግን በሞቃት ወራት ይቀልጣል፤ የሰው ገላ ሙቀት ባለበት ሣጥን ውስጥ ሲገባማ ጭራሽ እንደ ውሃ ይፈስሳል። መሬቱ ከቀለጠ መንደሩ ፈረሰ ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ ቫልተር ሄሰ የሚባሉ ሐኪም ከኮክ ዘንድ መጥተው በአየር ውስጥ ያሉትን ተሐዋስያን ያጠኑ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋኒ ሄሰ በ1850 በኒውዮርክ አጠገብ የተወለዱ ሲሆኑ፥ ባላቸውን በሥራቸው ይረዱ፥ በማይክሮስኮፕ የታየውንም በሥዕል ይነድፉላቸው ነበር። ሐኪሙ ጄላቲኑ በሙቀት እየቀለጠ ሥራቸው ቢበላሽባቸው፥ ወይዘሮዋ በወጥ ቤት የሚሠሩት ማርማላታና የረጋ ጣፋጭ በዚያ ሙቀት የማይቀልጥበትን ምክንያት ጠየቋቸው። ወይዘሮ ፋኒም የሚያረጉት ከባሕር ሣር በሚወጣ አጋር በሚባል ነገር መሆኑን፥ ይህንንም ቀድሞ በኒውዮርክ ሳሉ በጃቫ ደሴት ኖረው ከመጡ የሆላንድ ተወላጆች መማራቸውን ነገሯቸው።

አጋር ወደ ፈላ ውሃ ሙቀት ካልተጠጋ አይቀልጥም፤ ከቀለጠም በኋላ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ አይረጋም። ስለዚህ የሰው ገላ ሙቀት ባለበት ሣጥን ውስጥ ሳይፈርስ ብዙ ሳምንት ይቈያል። ኮክ በ1882 በጻፉት ጽሑፍ አጋርን ሲጠቅሱ የወይዘሮ ፋኒን ስም አላነሡም፤ እርሳቸውም ከዚህ ያገኙት ገንዘብ የለም። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ላይ ባሉት የምርመራ ቤቶች ተሐዋስያን የሚዘሩት በዚሁ በአጋር ላይ ነው። በ1887 ደግሞ ከኮክ ረዳቶች አንዱ የሆኑት ዩልዩስ ሪቻርድ ፔትሪ አጋሩ የሚፈስስበትን ክዳን ያለውን ዝርግ የብርጭቆ ሳሕን አወጡ። ይህ የባዕድ አገር ስም በእኛ ቋንቋ አጋር፥ ማለት ረዳት፥ ሆኖ መገኘቱ እንዲያው ያጋጠመ ነገር ቢሆንም፥ ለዕቃውም ለእመቤቲቱም የሚስማማ ስም ነው።

አረምን ከዘር መለየት

ገበሬ እንደሚያውቀው፥ ቶሎ የሚበቅል አረም ቀስ ብሎ የሚበቅለውን እህል ያንቀዋል። በምርመራ ቤትም እንዲሁ ነው። በአክታ ውስጥ ከአፍና ከጕሮሮ የመጡ ፈጣን ባክቴሪያዎች ሞልተዋል፤ አክታው እንዳለ ቢዘራ እነርሱ በአንድ ሌሊት ሜዳውን ይሞሉትና የነቀርሳይቱ ተሐዋሲ ለመከፈል እንኳ ሳትጀምር ምግቧን ይጨርሱባታል። ስለዚህ አክታው አስቀድሞ ሶዳ ካውስቲክ በሚባል በሚያቃጥል መድኃኒት ይታጠባል። አረሞቹ ይሞታሉ፤ እርሷ ግን በሰም ልብሷ ተከልላ ትተርፋለች። ነገር ግን መድኃኒቱ ከመጠን ያለፈ ወይም ከሰዓቱ የቈየ እንደ ሆነ እርሷንም ይገድላታል፤ ያነሰ እንደ ሆነ ደግሞ አረሙ ይተርፋል። መርማሪው ሰዓቱን በእጁ ይዞ የሚሠራው ስለዚህ ነው።

የምትዘራበትም ማሳ ለእርሷ የተለየ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሎቨንሽታይንና የንሰን የተባሉት ሊቃውንት ያወጡት፥ እስከ ዛሬም በብዙ አገር የሚሠራበት ማሳ የሚዘጋጀው ከዶሮ እንቍላል ነው። እንቍላሉ ተመትቶ ከግሊሰሪንና ከልዩ ልዩ ጨው ጋር ይደባለቃል፤ ማላካይት ግሪን የሚባል አረንጓዴ ቀለምም ይጨመርበታል። ቀለሙ ለጌጥ አይደለም፤ ከእጥበት የተረፈውን አረም የሚያቀጭጭ ነው። ከዚያም በቱቦ ውስጥ ተጋድሞ በሙቀት ይረጋል። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ በእውነት የሚፈጸመው በዚህ ቱቦ ውስጥ ነው ብንል አላጋነንም። ሳምንታት ካለፉ በኋላ በአረንጓዴው ማሳ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ የሚመስሉ፥ ቅቤ መሳይ መልክ ያላቸው ሻካራ መንደሮች ይታያሉ።

እንዲህ ያለ ድካም ስለ ምን ያስፈልጋል? በማይክሮስኮፕ ማየት አይበቃምን? የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ይህ ነው። በማይክሮስኮፕ ለመታየት በአንድ ሚሊሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 የሚደርሱ ተሐዋስያን ሊኖሩ ያስፈልጋል። በማብቀል ግን ከ10 እስከ 100 ብቻ ቢኖሩም ሊገኙ ይችላሉ። በሽታው ገና ሲጀምር፥ በተለይም በሕፃናት ዘንድ፥ ተሐዋስያኑ ጥቂቶች ናቸው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ ጥቂት ሳሉ ያገኛቸው ሰው ብዙ ነፍስ ያድናል።

ብቻዋን የሆነች ተሐዋሲ

የነቀርሳ ተሐዋስያን በፈሳሽ ውስጥ ሲዘሩ እንደ ገመድ ተጠላልፈው በአንድነት ይጓጐላሉ። ስለዚህ አንድ መንደር ከአንዲት እናት መጣ ወይስ ከአንድ ጕባጕብ ተነሣ ብሎ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። ይህን ችግር ካቃለሉት መካከል አንዱ በፈረንሳይ አገር ተወልደው በኒውዮርክ በሮክፌለር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ሬኔ ዱቦ ናቸው። የዱቦ ባለቤት በ1942 በሳንባ ነቀርሳ ሞቱባቸው፤ እርሳቸውም ከዚያ በኋላ ይህችን ተሐዋሲ ለማጥናት ተነሡ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ላይ ሳሙና የሚመስል ትዊን 80 የተባለ ነገር በማሳው ላይ ቢጨምሩ፥ ተጓጕለው የነበሩት ተሐዋስያን እርስ በርሳቸው ተለያይተው በቅለው ተገኙ።

በዚህ ጊዜ ግን ሌላ ነገር ተገለጠ። ከትዊኑ ውስጥ የሚወጣ ጥቂት ቅባት ብዙ ሆነው የተዘሩትን ሳይጐዳ፥ ጥቂት ሆነው የተዘሩትን ግን ይገድላቸው ነበር። ዱቦ ከደም የሚወጣ አልቡሚን የሚባል ነገር ጨምረው መርዙን እንዲይዘው ቢያደርጉ፥ እጅግ ጥቂቶቹም መብቀል ቻሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በ1998፥ ሌሎች ሊቃውንት ሚክሮኮክስ ሉቴየስ በምትባል ባክቴሪያ ላይ ሲመራመሩ፥ ተሐዋስያኑ ራሳቸው ወደ ውጭ የሚያወጡት፥ እጅግ ጥቂት ቢሆንም ያንቀላፉትን የሚያነቃ ፕሮቲን መኖሩን አገኙ፤ የነቀርሳ ተሐዋሲም ይህን የመሰሉ አምስት አሏት። እንግዲህ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው በሰው ብቻ የሚፈጸም አይደለም። አንዲት ተሐዋሲ ብቻዋን ስትሆን ደካማ ናት፤ ማሳው ከተስማማት ግን ሚሊዮን ለመሆን አንዲት መሆኗ ይበቃል። ይህን በልባችን እንያዘው፤ በኋላ ስለ መድኃኒት ስንናገር እንመለስበታለን።

ስለ ንጹሕ ዘርና ስለ ተቀላቀለ ዘር

ከዝግታዋ ተሐዋሲ ጋር በትዕግሥት ከተወዳደሩት ሁሉ የሚደነቁት ፈረንሳውያኑ አልቤር ካልሜትና ካሚይ ጌራን ናቸው። እነርሱ ከ1908 እስከ 1921 ድረስ በሊል ከተማ፥ ከከብት የተገኘችውን የነቀርሳ ተሐዋሲ በግሊሰሪንና በሐሞት በተነከረ ድንች ላይ በየሦስት ሳምንቱ እንደ አዲስ እየዘሩ፥ 230 ጊዜ አዛወሯት። 13 ዓመት መሆኑ ነው፤ በመካከሉም የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሆኖ ከተማይቱ በጀርመን ጦር ተይዛ ነበር። በመጨረሻ ተሐዋሲቱ በሽታ የማምጣት ኀይሏን አጣች። በ1921 በፓሪስ እናቱ በነቀርሳ ለሞተችበት አንድ ሕፃን በአፉ ተሰጠው። ዛሬ በእኛ አገር ለሚወለዱት ሕፃናት በክንዳቸው የሚሰጠው ቢ.ሲ.ጂ. የሚባለው ክትባት ይኸው ነው፤ ስሙም የተሐዋሲቱንና የሁለቱን ሊቃውንት ስም የያዘ ነው። ክትባቱ ሕፃናትን ከከባዱ የነቀርሳ ዓይነት ይጠብቃል፤ አዋቂን ግን ፈጽሞ አያድንም።

ዘርን ለይቶ ማብቀል የነፍስ ጕዳይ መሆኑ በ1930 በጀርመን አገር በሉቤክ ከተማ በመራራ ኀዘን ታወቀ። በዚያ ለሕፃናት የተዘጋጀው ክትባት በምርመራ ቤቱ ውስጥ ከገዳይቱ የነቀርሳ ተሐዋሲ ጋር ተቀላቅሎ ኖሮ፥ ከ70 በላይ ሕፃናት ሞቱ። የዘሩ ጥፋት አልነበረም፤ ከሌላ ዘር ጋር የመደባለቁ ጥፋት ነበር እንጂ። አንድን መንደር ከአንዲት እናት ብቻ የመጣ መሆኑን ማረጋገጥ ሥራ ፈትነት የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ የሉቤክን እናቶች ያስብ።

ከዚህች የምትብስ ዘገምተኛ

የነቀርሳ ተሐዋሲ ዘመድ የሆነች፥ በዝግታዋ ግን እጅግ የምትብሳት ሌላ ተሐዋሲ አለች፤ እርሷም ሥጋ ደዌን የምታመጣው ናት። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን በ1873 በበርገን ከተማ አገኟት። እርሷ አንድ ጊዜ ለመከፈል 13 ቀን ያህል ትፈልጋለች። ስለዚህ 20 ጊዜ እጥፍ ለመሆን 260 ቀን፥ ልጅ በእናቱ ማኅፀን የሚቈይበትን ጊዜ የሚቀርብ ዘመን ያስፈልጋታል። ከተገኘች ከ150 ዓመት በላይ ቢሆናትም እስከ ዛሬ ድረስ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ያበቀላት ሰው የለም። በ1960 በአይጥ እግር ላይ፥ በ1971 ደግሞ አርማዲሎ በሚባል በአሜሪካ አገር በሚገኝ ቅርፊታም እንስሳ ውስጥ እንድትበዛ ተደረገ እንጂ፥ ከሕያው ገላ ውጭ አልበቀለችም። በ1970 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የምርምር ተቋም በእኒሁ ሐኪም ስም አርማወር ሃንሰን ይባላል፤ ስለ ሥጋ ደዌም ስለ ነቀርሳም ይመረምራል። እነሆ ትዕግሥትን የሚጠይቀው ይህ ሥራ በአገራችንም የሚሠራ ነው።

ይህ ሁሉ ለቤታችን ምን ይጠቅማል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ሳንባው በነቀርሳ በተቦረቦረ ሰው ገላ ውስጥ መቶ ሚሊዮን፥ ከዚያም የሚበልጡ ተሐዋስያን ይገኛሉ። ሊቃውንቱ እነዚህን በመድኃኒት በተለወሰ ማሳ ላይ እየዘሩ የሚበቅሉትን መንደሮች ቢቈጥሩ፥ ከአንድ ሚሊዮን ተሐዋስያን አንዲቱ ያህል ኢሶኒያዚድ የሚባለውን መድኃኒት፥ ከመቶ ሚሊዮንም አንዲቱ ያህል ሪፋምፒሲን የሚባለውን መድኃኒት የማትፈራ ሆና ትገኛለች። ከመድኃኒቱ በፊትም እንዲሁ ተወልዳ ነበር። እንግዲህ በሽተኛው አንድ መድኃኒት ብቻ ቢወስድ፥ ሌሎቹ ሁሉ ሞተው ይህች አንዲት ብቻ ትቀራለች። ምግቡም ስፍራውም ለእርሷ ይሆናል፤ በዚያ በዝግታዋ 20 ጊዜ ተከፍላ ሚሊዮን ትሆናለች፤ ልጆቿም ሁሉ መድኃኒቱን የማይፈሩ ናቸው። ስትሬፕቶማይሲን በ1943 ከተገኘ በኋላ የሆነው ይኸው ነው። ብዙ በሽተኞች በመጀመሪያ ተሻላቸው፥ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በሽታው መድኃኒቱን ንቆ ተመለሰባቸው። ሁለት መድኃኒት በአንድነት የተሰጠ እንደ ሆነ ግን ሁለቱንም የማትፈራ አንዲት ለማግኘት የሚሊዮንና የመቶ ሚሊዮን ብዜት የሚያህል ቍጥር ያስፈልጋል፤ ይህን ያህል ተሐዋሲ በአንድ ሰው ገላ ውስጥ አይገኝም።

ስለዚህ ነው ለተለመደው የሳንባ ነቀርሳ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፥ በቀሩት አራት ወራት ደግሞ ሁለት ዓይነት መድኃኒት የሚሰጠው። ብዙ ጊዜ ጥፋት የሚመጣው በሁለተኛው ወር ነው። ሳሉ ይቆማል፤ ላቡ ይቀራል፤ ፊቱ ይመለሳል፤ በሽተኛውም ዳንሁ ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል። ዘመዶቹም ደስ ብሏቸው ዝም ይሉታል። በሳንባው ጥግ ያንቀላፉት ጥቂቶች ግን አልሞቱም። መድኃኒት የሚበረታው በምትከፈል ተሐዋሲ ላይ ስለ ሆነ፥ ያንቀላፋችውን ለመግደል እስክትነቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ስድስት ወሩ የተወሰነው ለዚህ ነው። አንዲት ተሐዋሲ ብቻዋን ደካማ ብትሆንም ሚሊዮን ለመሆን አንዲት መሆኗ ይበቃል ያልነውን አንባቢ ሆይ አሁን አስታውስ። «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ምሳሌ በዚህ ስፍራ የነፍስ ነገር ነው። መድኃኒት የለመደችው ተሐዋሲ ከዚያ ሰው ወጥታ ወደ ልጁ፥ ወደ ሚስቱ፥ ወደ ቤቱ ሠራተኛ ትሄዳለችና።

ዛሬ ፈጣን ምርመራ መኖሩ እውነት ነው። በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ጂን ኤክስፐርት የተባለውን መሣሪያ እንዲሠራበት መክሯል፤ ይህ መሣሪያ የተሐዋሲቱን የዘር ምልክት ፈልጎ በሁለት ሰዓት ያህል መልስ ይሰጣል፤ ሪፋምፒሲንን የማትፈራ መሆኗንም ይናገራል። ነገር ግን የሞተችውን ከሕያዪቱ ፈጽሞ አይለይም። መድኃኒት እየወሰደ ባለ በሽተኛ ገላ ውስጥ ሕያው ተሐዋሲ መቅረቱን፥ ሌሎቹም መድኃኒቶች የሚሠሩላት መሆናቸውን በደንብ ለማወቅ እስከ ዛሬ ድረስ ዘርቶ መጠበቅ ያስፈልጋል። በሕይወት መኖሯ የሚታወቀው በመብቀሏ ነውና።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2021 እስከ 2025 ላለው ጊዜ ባወጣው ዝርዝር ነቀርሳ ከበዛባቸው 30 አገሮች መካከል ኢትዮጵያ ትገኝበታለች። ስለዚህ በየቤቱ ያለ አስተዳዳሪ ሁሉ የሚከተለውን ያስብ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ሰው፥ ጌታም ቢሆን ሎሌ፥ ወደ ሐኪም ቤት ይላከው፤ ለዚህ በሽታ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የሚሰጠው መድኃኒት ያለ ዋጋ ነው። በሽተኛው የሚተኛበት ክፍል መስኮቱ ይከፈት፤ ሲያስልም አፉን በመሐረብ ይሸፍን። ከእርሱ ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁሉ፥ ይልቁንም ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፥ ቀርበው ይመርመሩ። የከብት ነቀርሳ በወተት ስለሚተላለፍ ወተት ሳይፈላ አይጠጣ። ሐኪሙ መልሱ ገና ነው ባለ ጊዜም አይቈጡት፤ እርሱ የሚጠብቀው ገና በመከፈል ላይ ያለችውን ተሐዋሲ ነው። ከሁሉም በላይ በሽተኛው የተሻለው በመሰለ ጊዜ፥ አንድ የቤተ ሰብ ሰው መድኃኒቱን በየቀኑ በፊቱ ቆሞ ያስውጠው፤ ስድስተኛውም ወር እስኪፈጸም ቀኑን ይቍጠርለት።

ተሐዋሲቱ ታግሣ ሰውን ትገድላለች፤ ሰውም ታግሦ ያሸንፋታል። እግዚአብሔር ለታመሙት ምሕረቱን፥ ለአስታማሚዎቹም ትዕግሥትን ይስጥ።